መቶ ሺህ መንገደኛ፣ አንድ እፍኝ ደንበኛ

ሐረጎን የማያውቅ ካለ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ ጉም ይውጠዋል። ከፊት የሚሄደው መኪና መብራት ብቻ ይታያል፣ እሱም ከታየ። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና 20 ሰከንድ ያህል ቀረጽኩ። ከኋላ አንዲት እናት «ያረቢ አንተው ጠብቀን» ሲሉ ይሰማል። ሾፌሩ ቃል ሳይተነፍስ መሪ ያዞራል። ዘፈን አልጨመርኩበትም፣ ጽሑፍ አልለጠፍኩበትም፤ እንዳለ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት።

በሦስተኛው ቀን 100 ሺህ እይታ አለፈ።

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው፤ ካሜራ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ቁጥሩ ግን ናላዬን አዞረው። ደሴ ፒያሳ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ማኪያቶ ጋበዝኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ለቀቅኩ፤ ጎህ ሲቀድ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቼ፣ በብርድ ተንቀጥቅጬ የቀረጽኩት፣ ደሴ ከሥር ተዘርግታ የምትታይበት። ከጉሙ ይልቅ የደከምኩት ለእሱ ነው። 310 እይታ። ሦስተኛው 280። ከ100 ሺህ እይታ ፎሎው ያደረገኝ ሰው 40 አይሞላም ነበር፤ ከእነሱም መሃል የአክስቴ ልጆች አሉበት።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አሁን ስልኩን ማቆሚያ ላይ ያልሰካ ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው። ጫማ ሻጩ ይቀርጻል፣ ፀጉር ቤቱ ይቀርጻል፣ ባጃጅ ነጂው መብራት ላይ ቆሞ ይቀርጻል። የሰርግ ቀራጭ መሆኔን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ጥያቄያቸውም አንድ ነው። «ያኛው ቪዲዮ ወጥቶልኝ ነበር፣ ከዚያ ምን ነካኝ?» መልሱንም ይዘው ነው የሚመጡት፤ «አልጎሪዝሙ ዘጋኝ።» ቪዲዮውን ለማን እንደሚያሳይ የሚመርጠውን የቲክቶክን ፕሮግራም ማለታቸው ነው። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን ሳስበው ማንም አልዘጋብንም። መጀመሪያውኑም በሩ ለእኛ አልተከፈተም፤ ለዚያች 20 ሰከንድ ነው የተከፈተው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ድሮ ፌስቡክ በዋናነት የሚያሳየን ጓደኛ ያደረግነውን ሰው ነበር። ሰው ካላወቀህ አያይህም። አጭር ቪዲዮ ያን ጊዜም ነበር፤ ቫይን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2013 በ6 ሰከንድ ቪዲዮ ጀምሮ ብዙ ሰው አስቋል፣ በ2016 ግን እንደሚዘጋ ተነገረ። ነገሩን የገለበጠው ባይትዳንስ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ነው። በ2016 ለአገሩ ሰው ዶዪን የሚባለውን የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ሠራ፣ በማግስቱ ዓመት ቲክቶክን ለውጭ አወጣ፣ ሚዩዚካሊ የሚባለውን ሌላ የአጭር ቪዲዮ መተግበሪያ ገዝቶ በ2018 ከቲክቶክ ጋር ቀላቀለው። ኢንስታግራም በሪልስ፣ ዩቲዩብ በሾርትስ ተከተሉት፤ ሁለቱም በ2020 ነው የጀመሩት።

የገለበጠው ምኑን ነው? ማንን እንደምታውቅ መጠየቁን ተወ። የቲክቶክ «ፎር ዩ» የሚባለው ገጽ የሚጠይቀው ምን ስታይ እንደቆየህ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2020 ባወጣው ማብራሪያ ረዘም ያለ ቪዲዮን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ጠንካራ ምልክት እንደሆነ፣ የተከታይ ብዛት ግን በቀጥታ የሚታሰብ መለኪያ እንዳልሆነ ተናግሯል። ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡት፣ ሁለት ስለት አለው። አንድም ተከታይ የሌለው የደሴ ልጅ 100 ሺህ ሰው ጋ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ያው ልጅ በማግስቱ እንደገና ባዶ እጁን ይጀምራል ማለትም ነው። የትናንቱ እይታ ለዛሬው ስንቅ አይሆንም።

በዚያ ላይ «እይታ» የሚባለው ነገር ራሱ እየረከሰ ነው። ዩቲዩብ ከማርች 2025 መጨረሻ ጀምሮ ሾርትስ መጫወት በጀመረ ቁጥር አንድ እይታ ብሎ ይቆጥራል። ሰው በአውራ ጣቱ እየገፋ ሲያልፍም ተቆጠረ። የእኔን ጉም 100 ሺህ ጊዜ አዩት ስል፣ ስንቱ አይቶ ስንቱ ገፍቶ እንዳለፈ አስቡት።

ደሴና ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት እናውቃለን። አውቶቡስ ይቆማል፣ ስልሳ ሰው ይወርዳል፣ ተሻምቶ ይበላል፣ ይነሳል። ባለቤቱ የማንንም መልክ አያስታውስም፣ ማስታወስም አይጠበቅበትም። ጥብሱ ቢጠነክር ማን ተመልሶ ይወቅሰዋል? ከዚያው ጀርባ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ስምንት ወንበር ያላት ሽሮ ቤት አለች። እዚያ የሚበላው ሰው ነገም ይመጣል። እንጀራው ቢኮመጥጥ ፊት ለፊት ይናገራል። ለአንድ ሳምንት ቢጠፋ ባለቤቷ ልጅ ልካ «ደህና ነው?» ብላ ታስጠይቃለች።

ብዙዎቻችን ቪዲዮውን የምንሠራው ለአውቶቡሱ ነው፤ ከዚያ መንገደኛው ለምን ደንበኛ አልሆነም ብለን እናኮርፋለን።

ደንበኛ እንዴት እንደሚፈጠር ያየሁት ከባለሙያ አይደለም፣ ከጋራዥ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው መካኒክ አሉ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ብዙው በከተማዋ ስለሚያልፍ ሥራ አያጡም። ቲክቶክ የጀመረላቸው ረዳታቸው ነው። እሳቸው መጀመሪያ «ሥራ ፍታ ነው» ብለው ተቆጥተውት ነበር። ልጁ ግን የመኪና ማስዋቢያ መብራት፣ የተወለወለ ሲኖትራክ ምናምን አልቀረጸም። አንድ ቀን ሞተሩ የሚንጫጫ መኪና መጣ። ስልኩን ሞተሩ ላይ ደቅኖ ድምፁን ብቻ 12 ሰከንድ ቀረጸ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ካሜራው መለስ አድርገው «ይቺ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አሉ። አለቀ። መልስ የለም።

ኮሜንቱ ታች ሾፌሮች ተጣሉ። አንዱ ችንጋ ነው ይላል፣ አንዱ ኩሽኔታ ነው ይላል፣ አንዱ «ዘይት ጨርሳ ነው፣ ምን ታጨቃጭቁናላችሁ» ይላል። በማግስቱ ማታ ጋሼ የተፈታውን ኩሽኔታ በግሪስ እጃቸው ይዘው ካሜራው ፊት አሽከረከሩት። ክርክር ክርክር አለ። «ሰማችሁ?» አሉ። በቃ፣ ቪዲዮው ይኼው ነው።

ይህን ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ እንደ ባለሙያ ቅናት ጭምር ይዞኝ። ድምፁን ለመገመት ሰው ቪዲዮውን ሁለቴ ሦስቴ መስማት አለበት፣ ሳይለመን ይደግመዋል። ግምቱን ለመናገር ኮሜንት መጻፍ አለበት፤ «ላይክ ሼር አድርጉ» የሚል ልመና አያስፈልግም። ልክ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ነገ መምጣት አለበት። ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጉሜን ያየ ሰው ነገ የሚመጣበት ምክንያት አልሰጠሁትም፤ አየ፣ «ኡፍ» አለ፣ ሄደ። የጋሼ ተመልካች ግን ዕዳ ይዞ ነው የሚተኛው፤ ችንጋ ነው ብሏል፣ ክብሩን አስይዟል።

በዚያ ላይ ጨዋታው ከሥራቸው ጋር አንድ ነው። ቪዲዮው የሚሰበስበው ሾፌር፣ ረዳት፣ መኪና ያለው ሰው ነው። ሌላው ገፍቶ ያልፋል፣ ይለፍ! አንድ ቀን ጋሼ ኩሽኔታ ነው ብለው በሙሉ ልብ ተናገሩ፤ አንድ ሾፌር ኮሜንት ላይ «አይ ጋሼ፣ ተርቦው ነው» አላቸው። ተፈታ፣ ተርቦው ሆነ። ረዳቱ ቪዲዮውን ለመልቀቅ ፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን «ልቀቀው፣ ሰው ነኝ» አሉት። ካሜራው ፊት ቆመው «ተሸነፍኩ፣ ልጄ አንተ ልክ ነህ» አሉ። ከዚያ በኋላ ያ ሾፌር አንድም ቪዲዮ አምልጦት አያውቅም። እንዴት ያመልጠዋል?

ሰርግ ስቀርጽ ስንት ዓመት ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው። የሰርግ ቪዲዮ ሦስት ሰዓት ይረዝማል። ለውጭ ሰው ከዚያ የበለጠ የሚያሰለች ነገር የለም፤ ጭፈራ፣ ምግብ፣ ጭፈራ፣ ኬክ። የሰርገኛው ቤተሰብ ግን ሦስቱን ሰዓት ሳይነሳ ያየዋል፣ ደግሞም ይደግመዋል። ለምን? ራሱን እየፈለገ ነዋ! «ቆይ ቆይ መልሰው፣ እኔ ነኝ ያለፍኩት!» ይላል። ሰው ርዝመት አይሰለቸውም፣ የሌለበት ነገር ነው የሚሰለቸው። አጭር ቪዲዮ ላይ ብዙ የሚባለው ስለ ርዝመት ነው፤ 15 ሰከንድ ይሁን፣ ደቂቃ ይሁን። ቲክቶክ ራሱ ከ1 ደቂቃ ወደ 3፣ በ2022 ወደ 10 ደቂቃ አሳድጎታል። እኔ የምለው፣ ተመልካቹ እዚያ ውስጥ ቦታ ካለው ደቂቃውን አይቆጥርም።

ይህ ማለት አጀማመር ግድ የለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዋ ሁለት ሰከንድ ሕይወትና ሞት ናት። እዚህ ላይ ወሎዬዎች ልዩ ችግር አለብን፤ ሰላምታ። የእኛ ሰላምታ ልጆቹን፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ሳይጠይቅ አያልቅም፤ አልሐምዱሊላህ እና እግዚአብሔር ይመስገን ተቀባብሎ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ይህን ቪዲዮ ላይ ስታስገቡት «ሰላም ሰላም ውድ ቤተሰቦቼ እንዴት ናችሁ፣ አዲስ የሆናችሁ…» ሲባል ሰውየው ሦስት ቪዲዮ አልፎ ሄዷል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ባልትና የሚሸጡ እትዬ አሉ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። የመጀመሪያ ቪዲዮዋቸውን ያቀናበርኩላቸው እኔ ነኝ፣ ሰላምታውን ቆርጬ ጣልኩት። ሲያዩት ደነገጡ። «ሰላም ሳልል ዘው ልበል? ምን ያሳደገኝ ነው የሚለኝ ሰው?» አሉ። ተከራከርን። አልጎሪዝም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፣ አልገባቸውም፣ እውነቴን ነው እኔም ሳስረዳ በደንብ አልገባኝም። በመጨረሻ ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይሁን ተባባልን። መጀመሪያ በርበሬው ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ ጭሱ ሲያስነጥሳቸው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኮሜንት ከጻፉት ሁለት ሦስት ሰው ይመርጡና «ሪያድ ያለሽው ሆዴ፣ እናትሽ እንዴት ሆኑልሽ? ዋ ብርዱ እንዳይመታሽ» ይላሉ።

እኔ ሰላምታን እንቅፋት አድርጌ ነበር ያየሁት። እሳቸው መንጠቆ አደረጉት። ሰዉ ስሙ ይጠራ እንደሆነ ለመስማት እስከ መጨረሻው ይቆያል። እስከ መጨረሻው ሲቆይ ደግሞ ቪዲዮው ይሰራጫል። እትዬ ይህን ሁሉ አላሰቡትም፤ ነውር ፈርተው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከደሴ የሚሠራ ሰው ተመልካቹ ማን እንደሆነ ካላወቀ የሚደክመው በከንቱ ነው። ወሎ ውስጥ እህቱ፣ አክስቱ ወይም ጎረቤቱ አረብ አገር የሌለችበት ቤት ብዙ አታገኙም። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤሩት። ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ሲለፉ ይውላሉ። ስልካቸውን የሚያዩት ማታ ነው፣ ማዳም ከተኛች በኋላ። ሳዑዲ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እትዬ በቀን ይለቁት የነበረውን ቪዲዮ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ሲያዞሩት ኮሜንቱ ወዲያው ተለወጠ። «በስንት ሰዓት ልልቀቅ?» ለሚለው ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ሰንጠረዥ መፈለግ አያስፈልግም፤ የምትሠሩለት ሰው መቼ ነው ጫማውን አውልቆ የሚጋደመው? ያኔ ነው።

እነዚህ እህቶች የሚፈልጉትም ሌላ ነው። የተቀባባ ከተማ አይፈልጉም። አንድ የሚያውቅ ነኝ ባይ እትዬን «አነጋገርዎን ያስተካክሉ፣ የአዲስ አበባ ሰው እንዲገባው» ብሏቸው ነበር። ደግነቱ አልሰሙትም። «ወላሂ ይሄ በርበሬ…» ሲሉ ያለችው ያቺ ዜማ ናት ጅዳ ያለችውን ልጅ የምታስለቅሳት። ደሴ ተወልዶ ካሜራ ሲከፈት አፉ ቦሌ የሚሆነው ልጅ ስንት ነው! ሙድ ያለው ይመስለዋል። የሚያጣው ግን ለሌላው የማይሰማውን፣ ለአገሩ ሰው ብቻ የሚሰማውን ድምፅ ነው።

ናፍቆትን መበዝበዝ ግን አለ፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ጉም አሳይቶ፣ ከሥሩ የሚያላቅስ ዘፈን አስገብቶ «እናትሽ ናፈቀችሽ?» የሚል ቪዲዮ በቀን አምስት የሚያወጣ አለ። ይሠራለታል፣ ለጥቂት ሳምንት። ከዚያ ሰው ይነቃል። አልቅሶ የሄደ ሰው በነጋታው ለማልቀስ ቀጠሮ አይዝም።

ሃሽታግ? ብዙም አልጨነቅበትም፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወሎ ብሎ መጻፍ ይበቃል። ካሜራ? ስልክ በቂ ነው፣ ሌንሱን በሸሚዛችሁ ጥረጉት። ጽሑፍ ግን ጨምሩ። ታክሲ ውስጥ ወይም ማዳም አጠገብ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው። ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ፊደሉን ጎላ አድርጋችሁ፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ስድስት ቃል ሳታስበልጡ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ሁሉም የሚያስበው እሱን ስለሆነ። ቲክቶክ ለቪዲዮ የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው፤ 10 ሺህ ተከታይ፣ በ30 ቀን 100 ሺህ እይታ፣ ከ1 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ይፈልጋል። ጥቂት አገሮች ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። ዩቲዩብ ደግሞ በሾርትስ ብቻ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን እይታ ይጠይቃል። 10 ሚሊዮን! ደሴን ከነሙሉ ሕዝቧ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሆነ አስሉት። ለእኛ መንገደኛ ብር አይሆንም ማለት ነው። እትዬ ከቲክቶክ አምስት ሳንቲም አላገኙም። ግን ሪያድ ያለችው ልጅ ታዛለች፣ ደሴ ያለችው እህቷ በቴሌብር ትከፍላለች፣ ወደዚያ የሚበር ሰው ሻንጣ ውስጥ በርበሬው ይሄዳል። የጋሼም እንደዚያው፤ ብራቸው የሚመጣው በጋራዡ በር ነው።

ላይቭ ገብቶ ጊፍት መሰብሰብም አለ። ባትል የሚሉት፣ ሁለት ሰው ስክሪን ተካፍሎ «ጽጌረዳ ላኩ፣ አንበሳ ላኩ» እያለ የሚጮህበት። ያገኙበት አሉ፣ አልክድም። ግን እዚያ የሚመጣው ሰው ጠብ ለማየት የሚመጣ ነው። ጠቡ ሲቀዘቅዝ ይበተናል፣ ስለዚህ ጠቡን ማሞቅ ግዴታ ይሆናል፤ ዛሬ በስድብ፣ ነገ በሃይማኖት፣ ከነገ ወዲያ በዘር። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ማዕድ እየተጎራረሰ የኖረበት አገር ቁጭ ብለን፣ ሁለት ልጆች ለጊፍት ብለው ሲሰዳደቡበት ማየት ያሳፍራል። ሕጉም ዝም አይልም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፤ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር። 5 ሺህ ተከታይ ማለት ሕጉ ዘንድ ከጋዜጣና ከሬዲዮ ጎን ተቀምጣችኋል ማለት ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ 5 ሺህ መሙላታቸውን በኬክ ያከብራሉ።

ከሕግም በፊት ነውር አለ። ለሽማግሌ 200 ብር እየሰጡ ፊታቸውን መቅረጽ፣ ፒያሳ ላይ የሰው እናት አስደንግጦ «ፕራንክ ነው» ማለት። ትልቅ ከተማ ቢሆን ማንም አያውቅህም። ደሴ ግን የሁሉም ሰው አክስት የሁሉም ሰው ጎረቤት ናት። አንድ ልጅ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሠርቶ ብዙ እይታ አገኘ፤ ሰፈር ውስጥ ግን ቡና የሚጠራው ጠፋ።

ተመልካችን በአንድ ቤት ብቻ ማኖር የሚያመጣውን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ገጹ ስሙን ይዞ ቁጭ ብሎ፣ ባለቤቱ መግባት አልቻለም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ሰው አየሁ። አንደኛው ከዜሮ የጀመረ ነው፤ ያጨበጨበለት መንገደኛ ሌላ አውቶቡስ ተሳፍሯል። ሌላኛውን ግን «የት ጠፋህ፣ ደህና ነህ?» የሚል መልእክት ጠበቀው። በሌላው ዓለምም የተለየ አይደለም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ቲክቶክን ስታግድ እዚያ ተከታይ ያፈሩ ሁሉ በአንድ ቀን ባዶ ቀሩ። አሜሪካ ውስጥም በጃንዋሪ 2025 ለሰዓታት ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ቋሚ የሆኑትን ሰዎች ቀስ ብሎ ቴሌግራም ላይ፣ ስልክ ቁጥር ላይ፣ ሱቁ በር ላይ ማምጣት ብልህነት ነው። ጋሼ ጋራዥ ግድግዳ ላይ በኖራ የተጻፈ የቴሌግራም ስም አለ። የተጻፈው ደግሞ ከካሜራው ትይዩ ነው፤ ረዳቱ ቀላል ልጅ አይደለም።

እኔስ? ጉሙን ተውኩት። ቤቴ ውስጥ የድሮ ሰርግ ካሴት ካርቶን ሙሉ ነበር። የደሴ መንገዶች ከዓመታት በፊት፤ ሰርገኛው ሲያልፍ ሱቆቹ፣ ታክሲዎቹ፣ ቆመው የሚያዩት ልጆች። ባለ ሰርጎቹን እየደወልኩ አስፈቀድኩ። እምቢ ያሉኝ አሉ፣ የተለያዩ ባልና ሚስት አሉ፣ እነዚያን ወደ ካርቶኑ መለስኳቸው። ከቀሩት መንገዱን ብቻ እየቆረጥኩ፣ 15 ሰከንድ እያደረግኩ «ይሄ የት ነው?» ብዬ መልቀቅ ጀመርኩ። እይታው ትንሽ ነው። ኮሜንቱ ግን ያልቃል ብላችሁ? «ያ ሰማያዊ በር የእኛ ነው!» «አይደለም፣ የእናንተ ከቧንቧ ውሃ ወዲህ ነው።» አንዱ ጻፈ፤ «ዳር ላይ የቆመው ሽማግሌ አባቴ ነው። ፎቶውም የለኝም ነበር።» ለእሱ ሙሉውን ቆርጬ ላክሁለት። ተከታዮቼ አሁን ከ2 ሺህ ትንሽ ይበልጣሉ፤ በስም የማውቃቸው ደግሞ ከሰርግ ደንበኞቼ ይበዛሉ።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሼ ጋራዥ ገባሁ። አንድ ሾፌር ከፊታቸው ቆሞ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደቅኗል። ስልኩ ውስጥ ሞተር ይንጫጫል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «አንዴ ድገምልኝ» አሉ። ደገመላቸው።

«መኪናው የት ነው ያለው?» አሉት።

«ሚሌ ነው ጋሼ። ቆማለች። እኔ በሰው መኪና ነው የመጣሁት፣ እርስዎ ይስሙልኝ ብዬ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉና ሳቁ። ረዳቱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል።